የአባቴ ቦቃ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በር ተንኳኩቶ ስከፍት ደነገጥኩ። ደጄ ላይ የቆመው አባቴ ነበር። አባቴ ካረፈ ስንትና ስንት ዓመቱ፤ ደግሞም ጉልበቱ ላይ የተቀደደ ጂንስ ለብሶ፣ ጆሮው ውስጥ ማዳመጫ ወትፎ የሚቆም ሰው አልነበረም። ግን ከግንባሩ መሃል ተነስታ ወደ ኋላ የምትሄደው ነጭ ጸጉር የእሱ ነበረች። ደግሜ ሳይ ሜላት ናት፤ የመጀመሪያ ልጄ የዳዊት ልጅ።

«እማማ፣ እንዴት ነው? ያምራል?» አለችኝ ራሷን ግራና ቀኝ እያዞረች።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ጸጉር ቤት ነበርኩ። ከፊት ብቻ ነው ነጭ ያስደረግኩት። ማለቴ፣ አሁን ሁሉም ሰው እንደዚህ ነው፤ በቃ ትሬንድ ነው።»

«ከፍለሽ?»

«እና በነጻ ማን ይሠራልኛል?»

ሶፋው ላይ ተቀመጥኩና ዕንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ልጅቷ የቀለድኩባት መስሏት ከንፈሯን ጣለች። ምን ያስቀኛል ብላ ስትነዘንዘኝ፣ እኔ ይህንኑ ነገር በነጻ አግኝቼው በጫማ ቀለም ሸፍኜው እዞር እንደነበር ነገርኳት። አላመነችኝም። እንድታምነኝ ሻሼን ፈትቼ ላሳያት አሰብኩና እሱም እንደማይሆን ትዝ አለኝ። ዛሬ ጸጉሬ በሙሉ ነጭ ነው። ያቺ የልጅነቴ ነጭ ጸጉር እዚያው ቦታዋ ላይ አለች፤ ግን ሌላው ሁሉ እሷን መስሎ ስላረጀ የትኛዋ እንደሆነች እኔም መስታወት ፊት ቆሜ መለየት ካቃተኝ ቆይቷል።

እኔ የተወለድኩት ካዛንቺስ ነው። ዛሬ እዚያ የሚያልፍ ሰው የሚያየው ሰፊ አስፋልት፣ የብስክሌት መንገድና ማታ ማታ ቀለሙን የሚለዋውጥ መብራት ነው፤ ያምራል፣ አልዋሽም። ባለፈው ጊዜ ልጄ ዳዊት መኪና ላይ አሳፍሮ ወስዶኝ፣ ግቢያችን የነበረበትን ቦታ አሳዪኝ ቢለኝ አንድ የመብራት ምሰሶ ሥር ቆሜ ቀረሁ። እዚህ ጋ መሰለኝ፤ ትንሽ ራመድ ስል ደግሞ እዚያ ጋ መሰለኝ። በዚያን ዘመን ግቢያችን የቆርቆሮ አጥር ነበረው። አራት ቤተሰብ አንድ የውሃ ቧንቧና አንድ የልብስ ማስጫ ገመድ ይጋራ ነበር። ከአጥሩ ማዶ ቡና ቤቶች ተደርድረዋል፤ በየቡና ቤቱ ሸክላ ይሽከረከራል፤ አንዱ የጀመረውን ዘፈን ሌላው ከመሃል ስለሚቀበለው እኛ ልጆች አንዱንም ዘፈን በትክክል ከጫፍ እስከ ጫፍ አናውቅም ነበር። ዛሬም ሬዲዮ ላይ ከእነዚያ ዘፈኖች አንዱ ሲመጣ እኩሌታው ላይ ስደርስ አፌ ሳላዘው ወደ ሌላ ዘፈን ይሻገራል። ልጆቼ ይስቁብኛል።

አባቴ አቶ ደምሴ ለገሃር ባቡር ጣቢያ ትኬት ይቆርጥ ነበር። ሥራ ቦታ የደንብ ልብሱ ቆብ አለ፤ ከዚያ ሲወጣ ደግሞ ግራጫ ባርኔጣውን ያደርጋል። ሰፈሩ ጋሽ ደምሴ ባርኔጣ ይለው ነበር። ከባርኔጣው ሥር ምን እንዳለ የምናውቀው የግቢው ሰዎች ብቻ ነን። ልክ ከግንባሩ መሃል ሦስት ጣት የሚሞላ ነጭ ጸጉር፣ ከሥሩም ትንሽ ነጣ ያለች ቆዳ። ሌላው ጸጉሩ ጥቁር ነው። ከእናቱ የወረሰው ነው። በአገሩ እንዲህ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበትን ከብት ቦቃ ይሉታል፤ እሱንም በልጅነቱ ጓደኞቹ ቦቃ እያሉ ከከብቱ ጋር ሲቆጥሩት ስላደገ ከተማ እንደገባ የመጀመሪያ ደሞዙን በባርኔጣ ጨረሰው። ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ እንኳ ወደ ውስጥ አይገባም፤ ወንድ ልጅ ባርኔጣ አድርጎ አይገባማ። አጥሩ ጥግ ዛፍ ሥር ቆሞ አስቀድሶ ይመለሳል። ለምን አትገባም ሲሉት «ከዚህም ይሰማል» ይላል። አባቴ ብዙ ቃል የሚያባክን ሰው አልነበረም።

ከሁለታችን ልጆቹ ታላቄ ግርማ ደህና ጥቁር ጸጉር ይዞ ተወለደ። አባቴን የመሰልኩት እኔ ነኝ። እናታችን እኔ ገና እግሬ ሳይጠና አርፋለች፤ ያሳደገን አባቴ ነው፤ ጎረቤትም ረድቶታል። የሰፈር ልጆች ስሜ አስካለ መሆኑን ትተው «ቦቂት» ይሉኝ ነበር። እያለቀስኩ ስገባ አባቴ ጭኑ ላይ ያስቀምጠኝና ባርኔጣውን አንስቶ ግንባሩን ከግንባሬ ያጋጥማል። ያኔ ልቅሶዬ ይቆም ነበር። ትንሽ ከፍ ስል ግን ሻሽ ማሰር ጀመርኩ።

ሻሹም ብዙ አላዛለቀኝም፤ የአፍሮ ዘመን መጣ። ያንን ዘመን ለሜላት እንዴት አድርጌ ልንገራት? ወንዱም ሴቱም ጸጉሩን እንደ ትልቅ ኳስ አሳድጎ፣ ከኋላ ማበጠሪያ ሰክቶ ይዞራል። ሱሪው ከጉልበት በታች እንደ ደወል ይሰፋል፤ አስፋልቱን እየጠረገ ነው የሚሄደው። የጫማው ተረከዝ አጭሩን ሰው ረጅም፣ ረጅሙን ሰው ደግሞ ዘበኛ ያስመስለዋል። ታይፕ ተምሬ ስታዲየም አጠገብ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ስቀጠር የቢሮው ሴቶች በሙሉ አፍሮ ናቸው፤ እኔ ብቻዬን ሻሽ። በስሙኒ አንድ ቆርቆሮ ጥቁር የጫማ ቀለም ገዛሁ። ጠዋት ጠዋት በጥርስ ብሩሽ ነጯን ጸጉር ቀለም አስነካና ከሌላው ጋር አበጥራታለሁ። ጥሩ ይሸፍናል። ክፋቱ ሽታው ነው፤ ሽቶ ብደርብበትም አይጠፋም። ሌላው ክፋቱ ፀሐይና ዝናብ ነው።

የያዘኝ ዝናብ ነው። ነሐሴ ነበር፤ ከቢሮ ወጥተን ወደ ካዛንቺስ በእግር ስንሄድ ዶፉን ለቀቀው። አብሮኝ የነበረው የሒሳብ ክፍሉ ታደሰ ነው። ሰፈራችን አንድ አቅጣጫ ስለሆነ አብረን እንሄድ ነበር፤ ጥርሱ ፍንጭት ነው፤ ሲስቅ እንኳን ሰው የተበላሸ ታይፕ ይስቃል። አንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ተጠለልን። ቀና ብሎ አየኝና ፊቱ ተለወጠ። መሐረቡን አውጥቶ ሰጠኝ። ፊቴን ስጠርግ መሐረቡ ጥቁር ሆነ። ጥቁሩ ከግንባሬ በአፍንጫዬ ላይ ወርዶ፣ ሸሚዜ ደርሷል።

«ኩል ነው?» አለኝ።

መዋሸት እችል ነበር። ግን ዝናቡ ሥራውን ጨርሶ ነበር፤ ነጯ ጸጉር ወጥታ ታየች። አለቀስኩ። ታደሰ አየኝና መሳቅ ጀመረ።

«ምን ያስቅሃል?»

«ይህን ነው እንዴ የደበቅሽው? እኔ እኮ ሁልጊዜ ጠዋት ጠዋት ጫማ ጠራጊ ጋ የምትውዪ እየመሰለኝ ግራ ሲገባኝ ነው የከረመው» አለ። «እኔን ከጠየቅሽኝ ተይው። መብራት ሲጠፋ አንቺን ለማግኘት ይጠቅመኛል።»

ማግባታችን የተቆረጠው እዚያ በረንዳ ሥር ነው ብል አልዋሸሁም። የቀለሙን ቆርቆሮ ያኔውኑ ጣልኩት። ከዚያ ወዲህ ያለው ጊዜ፣ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ ከስታዲየም እስከ ካዛንቺስ ያለው መንገድ አጠረ። ታክሲ በስሙኒ ሞልቶ እያለ እኛ በእግር ነው። ዘፈን ቤት ደጃፍ ቆመን የማንገዛውን ሸክላ በነጻ እናዳምጣለን። ጸጉሬን ገልጬ ስሄድ ሰው ዞሮ ያየኛል፤ ታደሰ ደግሞ ክንዴን ይዞ እንደ ሚኒስትር አጃቢ ደረቱን ነፍቶ ይራመዳል።

የታደሰ እናት እትዬ ብርቄ ባምቢስ አካባቢ ትንሽ ቡና ቤት ነበረቻቸው። ባላቸው ሞቶባቸው አንድ ልጃቸውን በዚያች ቤት አሳድገው አስተምረዋል። እንደ መንዝ ካባ የከበዱ ሴት ናቸው፤ ሰካራም እንኳ እሳቸው ፊት ድምፁን ይቀንሳል። አንድ ከሰዓት በኋላ ታደሰ ሊያስተዋውቀኝ ወሰደኝ። እንደ ደንቡ ሻሽ አስሬ ሄድኩ፤ ተሳስመን ስንቀመጥ ሻሹ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። እትዬ ብርቄ ግንባሬን አዩ። ለስላሳ ቀዱልኝ፤ ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ፤ እስከ በር ሸኙኝ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ጥቂት እንደሄድኩ ጃንጥላዬን መርሳቴ ትዝ ብሎኝ ተመለስኩ። ቤቱ ውስጥ ሰው አልነበረም። ከባንኮኒው ጎን ያለው የቆሻሻ ባልዲ ውስጥ ግን የጠጣሁበት ብርጭቆ ነበር፤ ከነለስላሳው ትራፊ። ደህና ብርጭቆ፣ ያልተሰበረ።

ጃንጥላዬን እዚያው ትቼ ወጣሁ።

በማግስቱ እትዬ ብርቄ ለታደሰ ቁርጡን ነገሩት። «ለምጽ ነው። ዛሬ ግንባሯ ላይ ነው፤ ነገ ልጆችህ ላይ ነው። ከኔ በኋላ አግባት።» ታደሰ መጥቶ «እማዬ ትለመናለች፤ ጊዜ ስጪኝ» አለኝ። እኔ ግን የብርጭቆው ነገር አንጀቴን ቆርጦት ነበር። ማታውኑ አዲስ ቆርቆሮ ቀለም ገዛሁ።

አባቴ ከሥራ ሲገባ ሽታው ተቀበለው። በር ላይ ቆሞ አሸተተ፤ ቀስ ብሎ ወደ እኔ መጣ፤ ጸጉሬን በጣቱ ነካና ጣቱን አየው።

«ማን ምን አለሽ?»

ሁሉንም ነገርኩት፤ የብርጭቆውንም ጭምር። ተቀምጦ አዳመጠኝ። ስጨርስ ባርኔጣውን አስተካክሎ ወጣ። የት እንደሄደ የሰማሁት ኋላ ከታደሰ ነው። ቡና ቤቷ ድረስ በእግሩ ሄዶ፣ ሳይቀመጥ፣ ምንም ሳያዝዝ፣ «እትዬ ብርቄ፣ የአስካለ አባት ነኝ። እሁድ ቤቴ ይምጡልኝ። የፈሩትን ነገር ላሳይዎ» ብሎ ተመለሰ። እሳቸውም፣ ይሉኝታም ይሁን የሰውዬው አነጋገር ከብዷቸው፣ እሺ አሉ።

እሁድ ቤታችን ውስጥ አምስት ሰው ነበርን፤ እኔና አባቴ፣ እትዬ ብርቄና ታደሰ፣ ደግሞም አባቴ የጠራው ጎረቤታችን ጋሽ ወርቁ። ጋሽ ወርቁ ከግቢያችን አራት ቤቶች በአንደኛው የሚኖር የባዮሎጂ አስተማሪ ነው። ለእንግዶቹ ቢራና የማዕድን ውሃ ተከፍቷል። እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን እስከ አገጭ ተሸፍነው በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ያቀረብኩላቸውን ብርጭቆ አልነኩትም። አባቴ ተነስቶ መሃል ቤት ላይ ባርኔጣውን አወለቀ። እንግዳ ፊት ሲያወልቅ ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነው።

«ይኸው» አለ። «ልጄ ላይ ያዩት ይህን ነው። እኔ ከእናቴ አገኘሁት፤ ለእሷ የሰጠኋት እኔ ነኝ። የሚጣል ካለ እኔን ይጣሉኝ። ብርጭቆው ምን አደረገዎ?»

እትዬ ብርቄ ፊታቸው በርበሬ መሰለ። ማየቴን አላወቁም ነበር። ወደ አባቴ ሳይሆን ወደ ጋሽ ወርቁ ዞረው፣ «ይተላለፋል?» አሉ።

«በመንካት አይተላለፍም። በብርጭቆም አይተላለፍም። በመወለድ ብቻ ነው» አለ ጋሽ ወርቁ።

«ለምጽ አይደለም?»

«አይደለም። ለምጽ በኋላ የሚመጣ፣ ቦታ የሚጨምር ነው፤ እሱም ቢሆን በብርጭቆ አይያዝም። ይህ ግን ከማህፀን አብሮ የሚወጣ ነው። አያምም፤ አይስፋፋም። ቀለሙ እዚያች ቦታ ሳይደርስ ቀረ፣ በቃ።»

«ታዲያ ለምን ወንድሟ የለበትም? አንድ ቤት የተወለዱ አይደሉም እንዴ?»

ጋሽ ወርቁ እንደዚህ ዓይነት ጥያቄ ሲጠየቅ ፊቱ ይበራል። ጠረጴዛው ላይ ከነበሩት ቆርኪዎች ነጩን የውሃውን፣ ጥቁሩን የቢራውን አነሳና የአባቴን ባርኔጣ ገልብጦ ሁለቱንም ከተተው። «ሰው ለእያንዳንዱ ነገር ሁለት ሁለት ቆርኪ ይዞ ይወለዳል እንበል» አለ። «አንዱ ከአባት፣ አንዱ ከእናት። አቶ ደምሴ አንድ ነጭ አንድ ጥቁር አላቸው። ባለቤታቸው ነፍሳቸውን ይማርና ሁለቱም ጥቁር ነበሩ። ልጅ ሲመጣ ከአባትም አንድ፣ ከእናትም አንድ ይወስዳል። የትኛውን? ማንም አይመርጥም። ያውጡ እስቲ።»

እትዬ ብርቄ አመነቱ፤ ከዚያ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው እጃቸውን ባርኔጣው ውስጥ ከተቱ። ጥቁር ወጣ።

«ይህ ግርማ ነው። ከእናቱም የሚመጣው ጥቁር ስለሆነ ጸጉሩ ጥቁር ሆነ። ይመልሱትና ይድገሙ።»

ደገሙ። አሁንም ጥቁር። ሦስተኛ ሲያወጡ ነጭ መጣ።

«ይህቺ አስካለ ናት። ነጩ ቆርኪ አንድ እንኳ ካለ ራሱን ያሳያል፤ ጥቁሩ አይሸፍነውም። ስለዚህ ግርማ ላይ ካልታየ የለውም ማለት ነው። የሌለውን ደግሞ ለልጆቹ ሊያወርስ አይችልም።»

ይህንን ዛሬ ልጆች ዘረ መል እያሉ ከመጽሐፍ ይማሩታል፤ የሜላት መጽሐፍ ላይ አይቼዋለሁ፤ በትልልቅና በትንንሽ ፊደል የተሞላ ሠንጠረዥ ነው። እኔ ግን ከዚያች ባርኔጣ የበለጠ ያስረዳኝ ነገር የለም። እትዬ ብርቄ ነጩን ቆርኪ መዳፋቸው ላይ አድርገው ያገላብጡታል። ውጪ አንድ ቡና ቤት የጀመረውን ዘፈን ሌላው ተቀበለው።

«ከልጄ ብትወልድ እንግዲህ?» አሉ።

«እኩል በእኩል ነው። ሊሆንም ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል» አለ ጋሽ ወርቁ።

«የታደሰስ ፍንጭት? እሱም ከባርኔጣ ነው?»

«የጥርስ ነገር እንደዚህ ቀላል አይደለም፤ ብዙ ቆርኪ ይደባለቅበታል። ግን ከዘር ነው።»

«የአባቱ ናት» አሉ እትዬ ብርቄ፤ ድምፃቸው ተለወጠ። «ልቅም አድርጋ የአባቱ ናት። ያኔ ቤተሰቤ ‹መጤ ነው፣ ዘሩ አይታወቅም› ብለው እምቢ ሲሉ፣ እኔ በዚያች ፍንጭት ነው ከቤት የወጣሁት። እሱ ሲሞትብኝ ይህ ልጅ ገና ጥርስ አላወጣም ነበር። የታች ጥርሱ በቀለ፤ የላዩ ሲበቅል ክፍት ሆኖ መጣ። ያን ቀን ቡና ቤቱን ዘግቼ ዋልኩ።»

ታደሰ አንገቱን ደፋ። ይህን ነገር እሱም ሰምቶት አያውቅም። እትዬ ብርቄ ተነሱ። እኔ ያቀረብኩላቸውን ትተው አባቴ እኩሌታውን የጠጣበትን ብርጭቆ ከጠረጴዛው አንስተው ጨለጡት። ከዚያ ወደ እኔ መጥተው፣ ሻሼን በገዛ እጃቸው ገፍተው፣ ነጯን ጸጉር ሳሟት። «ይቅር በዪኝ ልጄ» አሉ። እኔም ይቅር አልኩ። በአንድ ቀን አልወጣልኝም፤ ግን ያን ቀን ከልቤ ጀመርኩ።

የሠርጌ ለት ጸጉር ሠሪዋ «ይህችን ላጥቁራት?» ብትለኝ እምቢ አልኳት። ቬሎውን ከኋላ አስያዝኩና ቦቃዬን ፊት ለፊት አወጣኋት። አባቴ ደግሞ በዚያ ቀን ባርኔጣውን ቤት ትቶ፣ ራሱን ገልጦ፣ ክንዴን ይዞ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ገባ። ስንት ዓመት ከዛፉ ሥር ሲያዳምጥ የኖረውን ቅዳሴ መሃል ቆሞ አስቀደሰ። ፎቶው አለኝ፤ ሁለታችን ጎን ለጎን ቆመን አንድ ዓይነት ግንባር። እትዬ ብርቄ ከኋላችን አሉ፤ ወደ ካሜራው ሳይሆን ወደ እኛ ነው የሚያዩት።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን ለሁሉም የከበደ ነበር፤ ስኳሩ በወረፋ፣ ዳቦው በወረፋ፣ ዘፈኑም ቢሆን የሚፈቀደው ብቻ። ባቡሩም ቀስ በቀስ እየደከመ ሄደ። እኛ ቤት ግን የሚጠበቅ ነገር አይጠፋም። ዳዊት ሲወለድ መጀመሪያ ያቀፉት እትዬ ብርቄ ናቸው፤ ገና ደህና ሳያዩት ቆቡን አነሱ። ጥቁር። «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ፤ ግን እንደ ተዘረፈ ሰው ነበር የሚናገሩት። ሰላም ስትወለድ አሁንም ቆቡን አነሱ። ጥቁር። በዚያን ጊዜ እሳቸውና አባቴ የማይለያዩ ወዳጆች ሆነዋል፤ በየእሁዱ ምሳ አብረው ይበላሉ፤ «ቦቃው» ብለው በቁልምጫ ይጠሩታል፤ እሱም ከእሳቸው አፍ ሲሰማው ደስ ይለዋል። ሦስተኛውን ሳረግዝ እትዬ ብርቄ ጋሽ ወርቁን በር ላይ ይዘው «ሁለቱ ካልያዙ የአሁኑማ የግድ ነው አይደል?» አሉት።

«ባርኔጣው ያለፈውን አያስታውስም እትዬ ብርቄ። እያንዳንዱ ልጅ እንደ አዲስ ነው የሚወጣው፤ አሁንም እኩል በእኩል ነው።»

«ይህ ባርኔጣህ ደንቆሮ ነው» ብለው ተቆጥተው ገቡ።

አባቴ በዚያ ሰሞን ታሞ ነበር። ልቡ ደክሞ አልጋ ላይ ውሏል፤ ጸጉሩም መሸበት ጀምሮ ነጯ ጸጉር በሌላው ሽበት ልትዋጥ ነው። አንድ ቀን ራሱን እያሻሸ «ይህቺም አብራኝ ልትሄድ ነው» ሲል ሰማሁት። ያኔ ነው ሲጠብቅ እንደነበር የገባኝ። ዕድሜ ልኩን የደበቃትን ነገር አንድ ሰው ላይ ተርፋ ሊያያት ይፈልጋል። እኔም ሳላውቀው ከእሱ ብሼ ስመኝ ነበር።

ሴት ልጅ ተወለደች። ከሐኪም ቤት እንደወጣሁ በቀጥታ ወደ ካዛንቺስ፣ ወደ አባቴ አልጋ ወሰድናት። እትዬ ብርቄ መንገድ ላይ ቆቧን አላነሱም፤ «እሱ ያንሳው» አሉ። አባቴን ትራስ ደግፈን አስቀመጥነውና ክንዱ ላይ አደረግናት። በሁለት ጣቱ ቆቡን ቀስ አድርጎ ወደ ኋላ ገፋው። እኔ ከእሱ ፊት ነበር የማነበው። ረጅም ጊዜ አየ። ጥቁር፣ ድፍን ጥቁር፤ ከዳር እስከ ዳር። ቆቡን መልሶ አለበሳት። «ደህና ናት። ጤና ይስጣት» አለ። እትዬ ብርቄ ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ሕፃኗ ያን ጊዜ አዛጋች። አፏን እስከ መጨረሻው ከፍታ፣ ፊቷን አጨማድዳ፤ እሱን ስትጨርስ ሳቅ የመሰለ ነገር ፊቷ ላይ አለፈ። አባቴ ደነገጠ። ወደ ፊቷ ጎንበስ አለ።

«ብርቄ፣ እስቲ መስኮቱን ክፈቺልኝ።»

መስኮቱ ተከፈተ። ብርሃን ገባ።

«አባዬ፣ ምን ሆነች?» አልኩ።

«ይህቺን ግራ ጉንጯን… አያችሁት? ስርጉድ አለች። የእናትሽ ናት።»

«የእማዬ? እማዬ ስርጉድ ነበራት እንዴ?»

ቀና ብሎ አየኝ፤ ያላወቅሁ መሆኔን ማመን አቅቶት። እናቴን የማውቃት በአንድ ፎቶ ብቻ ነው። ፎቶ አንሺው እንዳትንቀሳቀሺ ብሏት፣ ከንፈሯን ገጥማ፣ ኮስተር ብላ ተቀምጣለች። ዕድሜዬን ሙሉ ኮስታራ እናት ነበረችኝ። በልጅነቴ ያቺን ፎቶ ስፈራት ነበር ብል አይጋነንም።

«አታውቂም?» አለኝ። «ለካ አልነገርኳችሁም። እናትሽ እኮ ሳቂታ ነበረች። የጀመረችው ሳቅ አያልቅላትም። ግራ ጉንጯ ላይ ብቻ፣ በአንድ በኩል፣ እንዲህ ስርጉድ ትላለች። ጣቢያ ትኬት ልትቆርጥ የመጣች ቀን ነው ያየሁባት። ለድሬዳዋ አንድ ብላኝ የሰጠኋት ለአዋሽ ነው። እሷም ሳቀች።»

እኔ ስርጉድ የለኝም። ግርማም የለውም። ሁሉም ነገር እንደ ጋሽ ወርቁ ሁለት ቆርኪ አይሄድም፤ አንዳንዱ አንዱን ሰው ዝም ብሎ አልፎት ከእሱ ወዲያ ይታያል፤ ከብዙ ነገር ጋር ተደባልቆ፣ ማንም ሳይጠብቀው። እናቴ በእኔ ውስጥ ነበረች፤ ሳላያት ተሸክሜያት ኖርኩ።

ያን ከሰዓት በኋላ አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ያልተናገረውን ተናገረ። እናቴ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ እንደምትይዝ፤ ቧንቧው ጋ ጎረቤቶቿን ስታስቅ ባልዲው ሞልቶ እንደሚፈስ፤ ቀብር ላይ እንኳ አንድ ጊዜ ሳቋ አምልጧት ከሰው መሃል ይዟት እንደወጣ። ልቅሶና ሳቅ ቀላቅሎ ነበር የሚያወራው። እትዬ ብርቄ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው እጁን ይዘውታል። ታደሰ በር ላይ ቆሞ ነበር። እኔ ከፎቶው ላይ ያቺ ኮስታራ ሴትዮ ተነስታ ስትስቅ እያየኋት ነበር።

ልጅቷ ወሬውን አልሰማችም፤ ተኝታለች። አባቴ ጣቱን ከግራ ጉንጯ አጠገብ፣ ሳይነካት፣ አስጠጋ። ማንም ከክፍሉ አልወጣም። ደግማ ስታዛጋ እንዳታመልጠን ሁላችንም ትንፋሻችንን ውጠን ፊቷን እያየን ጠበቅን።